ባዶ ሳጥን ዜሮ አይደለም፤ ስለ ከተማ የልቀት ቆጠራ ለቀረበ ጥያቄ

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አዳማ ውስጥ በአካባቢ ጥበቃ ሥራ በቅርቡ የጀመረች ባለሙያ ናት። «የከተማዋን የአየር ብክለት ልቀት ቆጠራ አዘጋጂ ተባልኩ። የአየር መለኪያ መሣሪያ የለንም። የተመዘገቡ መኪኖችን ቁጥር አምጥቼ፣ ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት ኢሚሽን ፋክተር ባባዛው ይበቃል ወይ? የአውሮፓውን ልጠቀም ወይስ የአሜሪካውን? አለቃዬ ደግሞ የሚፈልገው አንድ ድምር ቁጥር ነው።»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አይበቃም። ግን የጎደለሽ መሣሪያ አይደለም። የጎደለሽ ከቢሮ ወጥተሽ፣ ማደያና ገበያ ዞረሽ፣ ሰው ቤት ገብተሽ የምትሰበስቢው መረጃ ነው።

መለኪያ ስለሌለን ቆጠራ አንሠራም የሚሉ ሰዎች ሁለቱን ነገር ያምታታሉ። መለኪያ በቆመበት ቦታ ያለውን አየር ነው የሚነግርሽ፤ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም ብናኝ አለ ይላል። ብናኙ የናፍጣ ይሁን የከሰል፣ ከሰፈሩ ይሁን ከሌላ ቦታ በነፋስ የመጣ፣ ያንን ብቻውን አይነግርሽም። ቆጠራ ደግሞ ከየትኛው ምንጭ በዓመት ስንት ቶን ወጣ የሚለውን ይመልሳል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ግን ቆጠራውን ለመጀመር መለኪያውን መጠበቅ የለብሽም።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። ስንት ተቃጠለ? ከእያንዳንዱ ኪሎ ስንት ግራም ወጣ? ሁለቱን ታባዣለሽ። የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ መረጃ ይባላል፣ ሁለተኛው ኢሚሽን ፋክተር። ፋብሪካው ጭስ ማጣሪያ ካለው የያዘውን ያህል ትቀንሺለታለሽ። አንዳንዱን ነገር እንዲያውም ከሌላ አገር ፋክተር ሳትለምኚ በራስሽ ታሰይዋለሽ። ሰልፈርን እዪ። ነዳጁ ውስጥ ያለው ሰልፈር ሲቃጠል ከሞላ ጎደል በሙሉ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፣ ክብደቱም እጥፍ ይሆናል፣ ምክንያቱም የሰልፈር አቶም ክብደት 32 ሲሆን የሰልፈር ዳይኦክሳይድ 64 ነው። በአንድ ሚሊዮን ክፍል 500 ሰልፈር ያለው ናፍጣ አንድ ቶን ቢቃጠል ግማሽ ኪሎ ሰልፈር ነበረው ማለት ነው፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አለቀ። የነዳጁን የጥራት ወረቀት ካገኘሽ ይህ ክፍል በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

መኪናው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እኔም የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ልክ አንቺ እንዳሰብሽው ነበር ያደረግሁት። ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት ከተማ ነበረች። የተመዘገበውን መኪና ሁሉ ቆጠርን፣ እያንዳንዱ በዓመት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል አልን፣ አባዛን። ከዚያ አንድ ጓደኛዬ «እስቲ ይህ ሁሉ መኪና ስንት ናፍጣ ይጠጣል?» አለኝ። ስናሰላው በዓመቱ ከተማዋ ውስጥ ከተራገፈው ናፍጣ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። መዝገቡ ውስጥ የነበሩት መኪኖች ብዙዎቹ ጋራዥ ውስጥ ከበሰበሱ፣ ተቆራርጠው ለመለዋወጫ ከተሸጡ ቆይተዋል። ሊብሬ አላቸው፣ ሞተር ግን የላቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ስቆጥር የምነሳው ዘንድሮ ቦሎ ካሳደሰው ነው። ውጤቱንም ከነዳጅ ሽያጩ ጋር ሳላስታርቅ አልለቅም።

አዳማ ደግሞ የባሰ ነገር አለባት። ከጅቡቲ በአዋሽ በኩል ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሄደው ከባድ መኪና ከነተሳቢው በእናንተ በኩል ያልፋል። ታርጋው የአዳማ አይደለም፣ ጭሱ ግን የአዳማ ነው። መዝገብ ላይ ብቻ ብትተማመኚ የከተማሽን ትልቁን የናፍጣ ጭስ ሙሉ በሙሉ ትስቺዋለሽ። በተቃራኒው ደግሞ እዚያ ማደያ ሞልቶ ናፍጣውን መተሐራና አዋሽ ላይ የሚያቃጥል አለ። ስለዚህ የማደያ ሽያጭም ብቻውን አያስተማምንም። መንገድ ላይ ቆሞ መቁጠር ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት መግቢያ መንገዶችን ምረጪ፣ ተማሪዎች አስቀምጪ፣ አንድ የሥራ ቀንና አንድ የገበያ ቀን ባጃጁን፣ ሚኒባሱን፣ አይሱዙውን፣ ተሳቢውን ለየብቻ ይቁጠሩ። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ደግሞ የክፍያ መንገድ ስለሆነ የሚገባና የሚወጣው መኪና በዓይነቱ ይመዘገባል። በደብዳቤ ጠይቂ። እንዲህ ያለ መረጃ ያላት ከተማ ብዙ አይደለችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን መልስ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። መኪና የሚቆጠረው ቁጥሩ ስላለ ነው። መዝገብ አለው፣ ታርጋ አለው፣ ቢሮ አለው። ምድጃ ግን መዝገብ የለውም። ስለዚህ ብዙ የከተማ ቆጠራ ላይ ትራንስፖርት ሃያ ገጽ ይይዝና ማብሰያ ግማሽ ገጽ ይደርሰዋል፣ ከዚያ ውጤቱ «ዋናው በካይ መኪና ነው» ይላል። ይህ ስለ ከተማዋ ምንም አይነግረንም፤ ስለ መረጃው አያያዝ እንጂ።

በቁጥር ላሳይሽ። ቁጥሮቹ የአዳማ አይደሉም፣ ለምሳሌ ያህል የያዝኳቸው ናቸው። አንድ ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ በከባድ መኪና ቢቃጠል ወደ 840 ቶን ነው። ኢሜፕ–ኢኢኤ የሚባለው የአውሮፓ መመሪያ ለከባድ መኪና በጣም ቀላሉን ስሌት ሲሰጥ በአንድ ኪሎ ናፍጣ አንድ ግራም የማይሞላ ብናኝና ወደ 33 ግራም ናይትሮጅን ኦክሳይዶች የሚባሉ ጋዞች ይላል። ስለዚህ ብናኙ 0.8 ቶን ገደማ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይዱ 28 ቶን ይሆናል። አሁን 10,000 ቤተሰብ በቀን ሁለት ሁለት ኪሎ እንጨት ያነዳሉ እንበል፣ እንጀራ ለሚጋግር ቤት ይህ ትንሽ ነው። በዓመት 7,300 ቶን እንጨት። ክፍት ምድጃ ላይ የሚነድ እንጨት እንደ እርጥበቱና እንደ አነዳዱ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ግራም ገደማ ደቃቅ ብናኝ (ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው፣ ፒኤም 2.5 የሚባለው) ያወጣል። ዝቅተኛውን ብትወስጂ እንኳ ከ36 ቶን በላይ ነው። የእኛ መኪኖች አሮጌ ናቸው ብለሽ የናፍጣውን ብናኝ አምስት እጥፍ ብታደርጊው 4 ቶን ነው የሚደርሰው። አየሽው? በናይትሮጅን ኦክሳይድ በኩል ናፍጣው ይመራል፣ በደቃቅ ብናኝ በኩል ምድጃው። «ዋናው በካይ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የትኛው በካይ ሲባል ነው የሚሰጠው። ለዚህ ነው ሁሉንም በካይ ደምረሽ አንድ ቁጥር ማድረግ የማትችዪው።

ለማብሰያው መረጃ እንዴት ይገኛል? ሰው ቤት በመሄድ። ሁለት መቶ ቤት በቀበሌ ተከፋፍሎ ቢጠየቅ ብዙ ነገር ይገለጣል። ግን «በወር ስንት ከሰል ትጠቀማላችሁ?» ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ «አንድ ማዳበሪያ» ነው። ማዳበሪያው ስንት ኪሎ ነው? እዚያ ላይ ነው ሥራው። ሚዛን ይዘሽ ገበያ ውጪ፣ ከተለያየ ነጋዴ አሥራ አምስት ሃያ ማዳበሪያ መዝኚ። አፉ ላይ በቅጠል ተቆልሎ የታሰረውና ያልተቆለለው በጣም ይለያያል። የእንጨት ሸክምም እንዲሁ ነው፣ እርጥብና ደረቁን ለይተሽ ጻፊ። ይህ የሁለት ቀን ሥራ ከየትኛውም ኮምፒውተር ፕሮግራም በላይ ቆጠራሽን ያስተካክላል፤ እውነቴን ነው።

ቤት ብቻ አይደለም። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች፣ ጠላ ጠማቂዎች፣ አረቄ የሚያወጡ፣ በእንጨት የሚጋግሩ ዳቦ ቤቶች አሉ። አንድ አረቄ የሚወጣበት ቤት ከብዙ ቤተሰብ በላይ እንጨት ይፈጃል። ከቤተሰብ ጥናቱም ከፋብሪካ ዝርዝሩም ስለሚወጡ የትም ሳይቆጠሩ ይቀራሉ። ከሰል ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስተውዪ። ከሰል ሲነድ ከእንጨት ያነሰ ብናኝ ያወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ብዙ ነው፣ በተዘጋ ክፍል ሰው የሚገድለውም እሱ ነው። እንጨቱ ሲከሰል የወጣው ጭስ ደግሞ የተከሰለበት ወረዳ ቀርቷል። በአዳማ ቆጠራ ውስጥ አይገባም፣ ግን ማስታወሻ ጻፊበት። አለበለዚያ አንድ ቀን አንድ ሰው የአንቺን ሠንጠረዥ ይዞ «ከሰል ንጹሕ ነው» ይላል።

ሌላው የሚረሳው ሜዳ ላይ የሚቃጠል ቆሻሻ ነው። በኪሎ ወደ 10 ግራም ደቃቅ ብናኝ ያወጣል፣ ላስቲክ ሲበዛበት ደግሞ መርዙ ሌላ ነው። የፒስታ መንገድ አቧራም አለ። ግዙፍ ቁጥር ይሰጥሻል፣ ግን አብዛኛው ሻካራ ብናኝ ስለሆነ ከጭሱ ጋር አትደምሪው፤ ለብቻው አስቀምጪው። ፋብሪካዎቹ ቁጥራቸው ውስን ስለሆነ አንድ በአንድ ሄደሽ ምን እንደሚያነዱ፣ ስንት እንደሚያነዱ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተራቸው ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቂ። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ ስለሚመጣ የኃይል ማመንጫ ጭስ የሚባለው ራስ ምታት የለብሽም። ጄኔሬተሩን ግን አትርሺ።

መረጃ ያጣሽለት ነገር ካለ የሠንጠረዡን ሳጥን ባዶ አትተዪው። ባዶ ሳጥን ሲደመር ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ደግሞ «እዚህ ከተማ ቆሻሻ አይቃጠልም» ብሎ መመስከር ነው። የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1979 በጄኔቫ በፈረሙት ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለት ስምምነት መሠረት በየዓመቱ ቆጠራ ሲያቀርቡ ቁጥር በሌለበት ቦታ ምልክት የማስገባት ግዴታ አለባቸው። «አልተገመተም»፣ «እኛ ዘንድ የለም»፣ «ሌላ መስመር ውስጥ ተካቷል» የሚሉ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። አንቺም በአማርኛ እንደዚሁ ጻፊ። የሚቀጥለው ሰው ምን እንደጎደለ ያውቃል።

ወደ ፋክተሩ ጥያቄሽ ስመጣ፣ የአውሮፓ ወይስ የአሜሪካ የሚለው ሁለተኛ ደረጃ ጥያቄ ነው። የአሜሪካው ኤፒ-42 የሚባለው የፋክተሮች ስብስብ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፣ ለእያንዳንዱ ፋክተር ከኤ እስከ ኢ የጥራት ደረጃ ይሰጣል፤ ያንን ደረጃ ሳታዪ ቁጥሩን አትውሰጂ። ለፒስታ አቧራና ለአንዳንድ የፋብሪካ ሥራ እሱ ይሻላል። ለመኪና የአውሮፓው ይቀርበናል፣ ሞተሮችን በ«ዩሮ» ደረጃ (በአውሮፓ የጭስ ገደብ) ስለሚከፋፍል። ለእንጨትና ለከሰል ግን የሁለቱም ስብስብ የተሠራው ለእነሱ ምድጃ ነው፣ የአፍሪካ ምድጃ ላይ የተለካውን ፈልጊ። አሃዱን ደግሞ ሁለት ጊዜ አረጋግጪ። አንዱ በኪሎ ሜትር ይሰጥሻል፣ አንዱ በኪሎ ነዳጅ፣ አንዱ ነዳጁ በሚሰጠው የሙቀት ኃይል፣ በጊጋጁል። አንድ ኪሎ አየር ላይ የደረቀ እንጨት ወደ 15.6 ሜጋጁል ነው፣ ከሰል ወደ 29.5፤ በዚህ ትመነዝሪያለሽ።

የብናኝ ፋክተር ላይ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ጠይቂ። የተለካው ገና ትኩስ እያለ ነው ወይስ ቀዝቅዞ? ከምድጃ የሚወጣው ጭስ ውስጥ ገና ጋዝ የሆነ ነገር አለ፣ ውጭ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ብናኝ የሚሆን። ትኩሱን ብቻ የለካ ፋክተርና የቀዘቀዘውንም የጨመረ ፋክተር ለእንጨት በብዙ እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ካቀላቀልሽ ንጽጽሩ ይበላሻል።

ፋክተር ደግሞ አማካይ ነው፣ አማካይ ሁሌም እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቫን ናይስ የሚባል የመኪና ዋሻ ውስጥ የሚወጣውን ጭስ በቀጥታ ለኩት። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ቆጠራው ከሚለው ወደ ሦስት እጥፍ፣ ሃይድሮካርቦኑ (በደንብ ሳይቃጠል የወጣው ነዳጅ) ወደ አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዓለም ምርጥ ቆጠራ አለን የሚሉ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ደግሞ የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቮልስዋገን ናፍጣ መኪኖች ምርመራ ላይ ሲሆኑ ብቻ ንጹሕ የሚሆኑበት ሶፍትዌር እንዳላቸው ይፋ አደረገ፤ መንገድ ላይ ናይትሮጅን ኦክሳይዳቸው ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። የእኛ መኪና ደግሞ ጭሱን የሚያጠራው ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የወለቀ፣ ፓምፑ የተነካካ፣ ከልኩ በላይ የተጫነ፣ ከፍታ ላይ በሳሳ ኦክስጅን የሚወጣ ነው። «ዩሮ 3» የሚል ወረቀት ስላለው ብቻ እንደ ዩሮ 3 አትቁጠሪው። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብለሽ ሦስት ቁጥር ያዢ።

የእኛን አገር ሠራተኛ ብቻ የሚያጋጥም ችግርም ልንገርሽ። የነዳጅ ሽያጩ በበጀት ዓመት ይመጣልሻል፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። የቦሎው በኢትዮጵያ ዓመት። የውጭ አገሩ መረጃ በፈረንጅ ዓመት። ሦስቱም «2016» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፣ ሦስቱም የተለያየ ጊዜ ነው፤ የፈረንጁ ጭራሽ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ያለ ነው። መንገድ ላይ የሚቆጥሩት ተማሪዎች ደግሞ «2 ሰዓት» ብለው ጽፈው፣ ኮምፒውተሩ ሌሊት 8 ሰዓት አድርጎ ሲያነበው አይቻለሁ። አንዱን አቆጣጠር መርጠሽ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፊ።

የዓመት ድምር የሚደብቀው ነገርም አለ። ኅዳር 12ን አስቢ። ኅዳር ሲታጠን በአንድ ቀን ከየደጁ የሚነሳው ጭስ ከዓመቱ ቶን ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። የ1911 ዓ.ም.ን የኅዳር በሽታ ለማሰብ የሚታጠነው ጭስ ግን በዚያ ቀን ለአስም ሕመምተኛ ከዓመቱ ሁሉ የከፋ ሊሆን ይችላል። በጋ ላይ ደግሞ ጠዋት ቅዝቃዜው ጭሱን መሬት ላይ ያስተኛዋል፣ ያው አንድ ኪሎ እንጨት በጠዋትና በቀትር ቢነድ የሚተነፈሰው እኩል አይደለም። ስለዚህ ከዓመቱ ድምር ጎን ወራቱንና ሰዓቱን የሚያሳይ ክፍፍል፣ በቀበሌም የተከፋፈለ ካርታ ያስፈልግሻል። ያለዚያ የአየር ሞዴል የሚሠራ፣ ማለትም ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር የሚያሰላ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም።

ቶን የሚተነፈስ ነገር አለመሆኑንም አለቃሽ ይወቅልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ለደቃቅ ብናኝ የዓመት አማካዩ ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይላል። ከቶን ወደዚያ የሚያሻግረው ነፋሱ፣ ከፍታውና ርቀቱ ነው። ከረጅም ጭስ ማውጫ የወጣ አንድ ቶንና መስኮት የሌለው ማዕድ ቤት ውስጥ የወጣ አንድ ቶን በሠንጠረዡ ላይ እኩል ናቸው፣ በእናትየዋ ሳንባ ውስጥ ግን አይደሉም። ቡና ላይ የምናጨሰው ዕጣን እንኳ በቶን ሲታይ ከምንም አይቆጠርም፣ ክፍሉ ውስጥ ላለው ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ቆጠራው አንዴ ከተሠራ ግን ብዙ ያገለግላል። ለምሳሌ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ይህ የአዳማን ደቃቅ ብናኝ ስንት ይቀንሳል? ተሳቢውንና ምድጃውን ስለማይነካ ከሚጠበቀው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ለኤሌክትሪክ ምጣድ ማከፋፈያ ገንዘብ ብናውልስ? ሠንጠረዡ ላይ ቁጥሩን ቀይረሽ ታዪዋለሽ። በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ፋክተር ካገኘሽ ደግሞ ያለፈውንም ዓመት በአዲሱ እንደገና አሰይው፤ አለበለዚያ የስሌት ለውጡ የአየር መሻሻል ይመስላል።

አለቃሽ የሚፈልገውን አንድ ቁጥር በተመለከተ፣ አትከልክዪው፣ ግን ለእያንዳንዱ በካይ ለየብቻ ይሁን፣ ያለ ማብራሪያም አትስጪው። ኤክሴል በቂ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፣ ቁጥሩን የራስሽን አድርጊበት፦ «በከተማው ክልል ውስጥ በ2017 የበጀት ዓመት ከማብሰያ የወጣው ደቃቅ ብናኝ ከ40 እስከ 90 ቶን ይገመታል። የእንጨቱ መጠን ከ200 ቤት ጥናትና ከገበያ ሚዛን የተገኘ ነው። ፋክተሩ ከውጭ የተወሰደ ነው። የአረቄና የጠላ ቤቶች አልተገመቱም፣ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ናቸው።» ለመኪናው፣ ለቆሻሻው፣ ለፋብሪካውም እንደዚሁ አንድ አንድ አንቀጽ። ምን በጀት ያስፈልግሻል ሲልሽ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቂው ሁለት ሚዛን፣ ለቆጣሪዎቹ ተማሪዎች አበልና ገበያ የሚያደርስሽ መኪና ይሁን።